ፒን አፕ ለሃሎዊን፦ ቀሚሱን ከመግዛትሽ በፊት

ለሃሎዊን ፒን አፕ (በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ፎቶዋ ወይም ሥዕሏ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ የነበረችው ቆንጆ) ሆኜ ልውጣ ያለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትጀምረው ከቀሚሱ ነው። ስልኳን ከፍታ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ቀሚስ ትፈልጋለች፣ ታዛለች፣ በቃ ጨረስኩ ትላለች። ማታው ሲደርስ ለብሳው መስታወት ፊት ትቆማለች። ያምርባታል። ግን ልደት የተጠራች እንጂ ከ1940ዎቹ የግድግዳ ሥዕል ላይ የወረደች አትመስልም።

ለምን ቢባል፣ ፒን አፕ ያለው ከአንገት በላይ ነው። የተጠቀለለው ፀጉር፣ የተስተካከለው ቅንድብ፣ ቀዩ ከንፈር። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ጅንስና ሸሚዝ ለብሰሽም ሰው ያውቅሻል። ከሌሉ ግን የ150 ዶላር ቀሚስም አያድንሽም። ስለዚህ ከታች አማራጮቹን ሳወዳድር ደጋግሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለፀጉርና ለፊት ገንዘብም ጊዜም የሚያስተርፍልሽ የትኛው ነው?

ሌላው ጉዳይ ብርዱ ነው። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 21። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለአገር ቤቱ ብርድ ነው። የዋሽንግተንና የሚኒያፖሊስ ጥቅምት ከዚያ ይብሳል። ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ የሚደረግ ግብዣና ልጆች አስከትሎ በየደጁ ከረሜላ መሰብሰብ አንድ አይነት ልብስ አይፈልጉም። ገና ሳትጀምሪ ማታውን የት እንደምታሳልፊው ወስኚ።

ሁለት ዘመን፣ ሁለት ቅርጽ

በፌስታል ታሽገው የሚሸጡት ኮስቲዩሞች የጦርነቱን ዘመንና ከጦርነቱ በኋላ ያለውን አንድ ላይ ይቀይጡታል። ልዩነቱን ካወቅሽ ምርጫው በግማሽ ይቀልልሻል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። መንግሥት በ1942 ኤል-85 የተባለ ትእዛዝ አውጥቶ ለሴቶች ልብስ የሚውለውን ጨርቅ ገደበ። ቀሚስ አጠረ፣ ጠበበ፣ እጥፋቱም ቀነሰ። ናይለን ስቶኪንግ በመላ አገሪቱ ለገበያ የወጣው በ1940 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ናይለኑ ለፓራሹት ተፈለገና ስቶኪንጉ ከሱቅ ጠፋ። ሴቶቹ ታዲያ እግራቸውን ቀለም ይቀቡና ከኋላ የስፌቱን መስመር በቅንድብ እርሳስ ይስሉ ነበር። የ40ዎቹ ቅርጽ እንግዲህ ይህ ነው፦ በስፖንጅ የሰፋ ትከሻ፣ ጉልበት አካባቢ የሚያልቅና ብዙም የማይነፋ ጉርድ፣ ወፈር ያለ ታኮ። ፀጉሩ ደግሞ ከግንባር ላይ ከፍ ብሎ ይጠቀለላል።

በፌብሩዋሪ 1947 ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ ወገቡ ጠበቅ፣ ጉርዱ ሰፋ ያለ ልብስ ይዞ ብቅ አለ። 50ዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። አንድም ከስር በሚለበስ የውስጥ ጉርድ (ፔቲኮት) የተነፋ ክሎሽ፣ አንድም ዳሌ ላይ ልክክ የሚል ጠባብ ጉርድ። ፀጉሩ አጠር፣ ጥቅሉም ለስለስ አለ። ጫፉ ወደ ላይ የተሳበው ኩል የገነነውም ያን ጊዜ ነው።

ከሁለቱ የቱ? ወጪ ካሳሰበሽ 40ዎቹ። ዘመኑ ራሱ የእጥረት ዘመን ስለነበር ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ያለው ይበቃል። ለጭፈራ ደግሞ 50ዎቹን የሚያህል የለም፤ ክሎሽ ሲዞሩበት ነው የሚያምረው። ሁለቱን መቀላቀል ወንጀል አይደለም፣ ማንም አይከስሽም። ፎቶው ላይ ግን ያስታውቃል።

ብሎንድ መሆን ግዴታ አይደለም

ኢንተርኔት ላይ ፒን አፕ ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጡልሽ ነጫጭ ፊቶች ናቸው። የሆሊውድ ተዋናይቷ ቤቲ ግሬብል ነጭ የዋና ልብስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ፣ በትከሻዋ ላይ ዞራ የምትስቅበት የ1943ቱ ፎቶ አለ። በየወታደሩ የዕቃ ሳጥን ላይ የተለጠፈው እሱ ነው። ሌላዋ ተዋናይት ሪታ ሄይዎርዝ በ1941 ላይፍ መጽሔት ላይ የወጣችበትም አለ። ከዚያ የሠዓሊዎቹ ሥዕሎች ይከተላሉ። በኤስኳየር መጽሔት ታዋቂ የሆነው የፔሩ ተወላጅ አልቤርቶ ቫርጋስ አንዱ ነው። ሌላው ጊል ኤልቭግሬን ነው። ሚኒሶታ ላላችሁ፣ የኤልቭግሬን ልጃገረዶች በቀን መቁጠሪያ ላይ እየታተሙ አገር ምድሩን ያዳረሱት እዚያው ሴንት ፖል ከነበረው ብራውን ኤንድ ቢግሎው ከተባለው ድርጅት ነው።

ለእኛ መልክ የሚቀርቡት ሴቶች ግን የፍለጋው ታች ላይ ተደብቀው ነው የሚገኙት። ዘፋኟ ሊና ሆርን በጦርነቱ ጊዜ የጥቁር ወታደሮች ፒን አፕ ነበረች። ወታደር ሊያዝናና የተጋበዘ ዘፋኝ መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊት የጀርመን ምርኮኞች፣ ከኋላ የአገሪቱ ጥቁር ወታደሮች ተቀምጠው ያገኛል ብለሽ አስቢ። እሷ አገኘች፣ እንዲህማ አልዘፍንም ብላ ተቆጣች። ዶረቲ ዳንድሪጅ በኖቬምበር 1954 በላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። በዋና ተዋናይት ዘርፍ ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም እሷ ናት። በ1951 ቺካጎ ላይ የተጀመረው ጄት መጽሔት ደግሞ የዋና ልብስ የለበሱ ጥቁር ቆነጃጅትን በየሳምንቱ ያወጣ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። የምታሳዪው ፎቶ ፀጉር ሠሪዋንም ሜካፕ ሠሪዋንም ይመራል። የቤቲ ግሬብልን ይዘሽ ብትሄጂ ባልሆነ ቀለምና ባልሆነ ዊግ ትመለሻለሽ። የሊና ሆርንን ወይም የዳንድሪጅን ያዢ። ቤት ውስጥም ፈልጊ፤ የእናትሽ ወይም የአክስትሽ የድሮ አልበም ውስጥ ፀጉሯን ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ገብታ የወጣች፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ የለበሰች ወጣት አትጠፋም። ዘመኑ ትንሽ ዘግየት ይላል፣ ግን ብዙ ነገር ትማሪበታለሽ።

ማንን ልሁን?

ብዙ ሴቶች የሚያመነቱት በአራት ምርጫዎች መካከል ነው።

ሻሽና ሸሚዝ የመጀመሪያው ነው። እጅጌው እስከ ክርን የተጠቀለለ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ወገቡ ከፍ ያለ ጅንስ ወይም ቱታ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ሻሽ። «ዊ ካን ዱ ኢት!» በሚለው ፖስተር ላይ ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን የምታሳየውን ሴት የማያውቅ የለም። ፖስተሩን በ1943 ለዌስቲንግሃውስ ፋብሪካ ሠራተኞች የሣለው ጄ. ሃዋርድ ሚለር ነው። ያን ጊዜ ጥቂት ተሰቅሎ ወረደ፤ ዓለም የተዋወቀው በ1980ዎቹ ነው። እውነቱን ለመናገር እሷ ፒን አፕ አይደለችም፣ ሠራተኛ ናት። ግን ዘመናቸው አንድ ነው። ሸሚዙን ወገብሽ ላይ ብትቋጥሪውና ከንፈርሽን ብትቀይ ልዩነቱ ይጠፋል።

ይህ ምርጫ ብርድ አይፈራም፤ ከሸሚዙ ስር ወፍራም ካናቴራ ብትለብሺ ማንም አያይም። መሥሪያ ቤት ይገባል። ልጅ ይዘሽ መንገድ ለመንገድ ትዞሪበታለሽ። ሃሎዊን የሚባል ነገር መስማት የማይወዱ እናት ቤት ብትሄጂም ምንም አይሉሽም። ችግሩ አንድ ነው፣ ብዙ ሰው ይለብሰዋል። ግብዣው ላይ ሌላ ሁለት ሦስት ቀይ ሻሽ ብታገኚ እንዳትደነግጪ። ለመለየት ሰማያዊውን ሸሚዝ በባለ ዳማ ሸሚዝ ቀይሪው፣ ወይም ሻሹን በአረንጓዴ።

ሁለተኛው ክሎሹ ነው። ለግብዣ፣ ለጭፈራ፣ ለፎቶ የሚሆን ነው። ነገር ግን ቀሚሱ ብቻውን አይበቃም፤ ከስሩ የሚነፋ ነገር ካልገባ ይተኛል። ፔቲኮቱ ከቀሚሱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አጠር ይበል። ረዝሞ ከታየ የሙሽራ ይመስላል። መኪና ውስጥ ለመቀመጥም ጣጣ አለው፣ መሪውን ይሸፍንብሻል። ሌላ ሰው ቢነዳ ይሻላል።

ቀሚስ መግዛት ካልፈለግሽ ጉርዱን ራስሽ ልትቆርጪው ትችያለሽ። ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ ለአራት አጥፈሽ፣ ማእዘኑ ላይ ለወገብ ሩብ ክብ ትቆርጫለሽ። ወገብሽ 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሩብ ክቡ ስፋት ከማእዘኑ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ 60 ሴንቲ ሜትር ወርደሽ ሌላ ሩብ ክብ። ስትዘረጊው ሙሉ ክሎሽ ነው። ወገቡን ሰፊ ቀበቶ ይሸፍነዋል። ከላይ የምትለብሺው ጥቁር ጠባብ ካናቴራ ሁሉም ቤት አለ።

ሦስተኛው ጠባቡ ጉርድ ነው፤ እኔ ይህን ነው የማደላለት። ዳንድሪጅ በ1954 ካርመን ጆንስ በተባለው ፊልም የለበሰችው ጥቁር አንገተ ሰፊ ሸሚዝና ቀይ ጠባብ ጉርድ ነው። ትከሻ ገለጥ፣ ወገብ ጠበቅ። በቃ። ሁለቱም ልብስ ከሰልባጅ ሱቅ ከ20 ዶላር በታች ሊገኝ ይችላል። ፔቲኮት የለ፣ ዊግ የለ። «ማን ነሽ?» የሚል ሰው ቢመጣም የምትነግሪው ጥሩ ታሪክ አለሽ። ችግሩ እርምጃ ነው፤ ጠባብ ጉርድ ለብሶ ደረጃ መውጣት ልምምድ ይጠይቃል። ከኋላ መሰንጠቂያ ያለውን ምረጪ።

አራተኛው የዋና ልብሱና አጭሯ የመርከበኛ ቀሚስ ናቸው። ሃሎዊን ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታዪው መርከበኛዋን ነው። ለእኔ ከሁሉ ደካማው ምርጫ እሱ ነው። ጨርቁ ስስ፣ ስፌቱ ቸኮል ያለ፣ ቅርጹም የ40ዎቹ ሳይሆን የዛሬ ነው። የዋና ልብሱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነተኛው ፒን አፕ እሱ ነበርና። የራስሽ ወይም የጓደኛሽ ቤት ከሆነ፣ ወገቡ እምብርት የሚሸፍን ባለ ሁለት ቁራጭ ወይም እግሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አንድ ወጥ ምረጪ። ከላይ ካፖርት። ለመሥሪያ ቤት ግን አይታሰብም።

ባልሽ ወይም ጓደኛሽ ምን ልልበስ ካለ መርከበኛውን ለእሱ ተይለት። ወይም ቡናማ የቆዳ ጃኬት ያግኝ፤ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን በራሪዎች ጃኬታቸው ጀርባ ላይም አውሮፕላናቸው አፍንጫ ላይም ፒን አፕ ያሥሉ ነበር። ሜምፊስ ቤል የተባለው ቢ-17 በእንዲህ ያለ ሥዕል ነው የሚታወቀው። የአንቺን ፎቶ አትሞ በጃኬቱ ጀርባ በመርፌ ቁልፍ ቢያስይዘው ሁለታችሁም ጨረሳችሁ።

ከየት ይገዛ?

በፌስታል የታሸገው ኮስቲዩም ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዶላር ነው። ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ ነው። ሃሎዊን ሊደርስ አንድ ቀን ከቀረሽ ስፒሪት ሃሎዊን በየወቅቱ የሚከፍታቸው ሱቆች አሉ። የለመድነው ፓርቲ ሲቲ የራሱን ሱቆች በ2025 መጀመሪያ ላይ ዘግቷልና እሱን አትቁጠሪ። ከዚያ ውጪ ግን ተይው፤ አንድ ማታ ተለብሶ የሚጣል ልብስ ነው።

በአዲስ የሚሰፋው ባለ ድሮ ቅርጽ ልብስ በጥራት የተሻለ ነው። ዋጋው ከ70 እስከ 150 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ለሌላ ጊዜ፣ ለሰርግም ለልደትም የምትለብሺው ከሆነ ያዋጣል። ለአንድ ማታ ብቻ ግን አይሆንም። አገር ቤት የምትሄጂ ከሆነ ፎቶውን ለልብስ ሰፊሽ ማሳየት ሌላው መንገድ ነው፤ ክሎሽ ለየትኛውም ሰፊ አዲስ ነገር አይደለም።

ጉድዊልና መሰል ሰልባጅ ሱቆች የእኔ አንደኛ ምርጫ ናቸው። ኦክቶበርን አትጠብቂ፤ ያን ጊዜ ሃሎዊን የሚለው መደርደሪያ ላይ ጥሩው ሁሉ ቀድሞ ይነሳል። ሴፕቴምበር ላይ፣ ለበዓለ መስቀል አካባቢ ሂጂ። ወደ ኮስቲዩሙ መደርደሪያ አትሂጂ፣ ወደ ቀሚሱ ሂጂ። ቀለም ሳይሆን ቅርጽ ፈልጊ። ወገቡ ተቆርጦ የተሰፋ፣ ከወገብ በታች የሚሰፋ ቀሚስ ከሆነ አበባም ይኑረው አረንጓዴም ይሁን ይሠራል። ከ1980ዎቹ የቀሩ ባለ ትከሻ ስፖንጅ ሸሚዞች ለ40ዎቹ አሪፍ ናቸው፤ ያ ዘመን ራሱ 40ዎቹን ሲቀዳ ነበርና።

አንዳንዴ እውነተኛ የድሮ ልብስ ከመሃል ይወጣል። እንዴት ትለያለሽ? ዚፑን እዪ። በጎን በኩል የተሰፋ የብረት ዚፕ ከሆነ ልብሱ የ40ዎቹ ወይም የ50ዎቹ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውስጡን ገልብጠሽ የአጠባበቅ መመሪያ የተጻፈበት ጨርቅ ፈልጊ። አሜሪካ ውስጥ ያ ጽሑፍ ግዴታ የሆነው ከ1972 ጀምሮ ነው። ካለ፣ ልብሱ ከዚያ በኋላ የተሰፋ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ብብቱንም እዪው። የድሮ ጨርቅ መጀመሪያ የሚበሰብሰው በላብ ነውና ብብቱ ጋ ቀስ ብለሽ ሳብ ስታደርጊው ጠጠጥ የሚል ድምፅ ከሰማሽ መልሰሽ ስቀይው።

በልብሱ ቁጥር አትተማመኚ። የድሮ 12 የዛሬ 12 አይደለም፣ በጣም ያንሳል። ሜትር በቦርሳሽ ያዢ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ለኪ። ወገቡ ከልክሽ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይስፋ፣ ካልሆነ መቀመጥ አይቻልም። እውነተኛ የ50ዎቹ ቀሚስ ብታገኚ ደግሞ ለሃሎዊን አትልበሺው። ሰው የሚጋፋበት፣ ወይን የሚፈስበት ማታ ነው። ለሌላ ቀን አስቀምጪው።

ፀጉር፦ ጥቅል፣ ሻሽ ወይስ ዊግ?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ጊዜሽን መስጠት ያለብሽ ለዚህ ነው።

የጥቅል ፀጉር ቪዲዮዎች በብዛት የተሠሩት ለስላሳና ረጅም ፀጉር ላላቸው ነው። እነሱ ፀጉሩን ለማቆም ወደ ኋላ ያበጥራሉ፣ ስፕሬይ ያርከፈክፋሉ፣ ይለፋሉ። የእኛ ፀጉር ግን ራሱ ይቆማል። ችግራችን ጫፉን ማስተኛት ነው። ስለዚህ ከዋዜማው ፎን ተደርገሽ ወይም ፀጉርሽን በወፍራሙ ጎንጉነሽ አድረሽ ዘርጊው። በማግስቱ ፊት ለፊት ያለውን ከጆሮ እስከ ጆሮ ለይተሽ ከቀረው ለዪው። ከግንባር ጠርዝ ያለውን በትንሽ ጄልና በብሩሽ አስተኚ።

ከዚያ የተለየውን ፀጉር ለሁለት ከፍለሽ እያንዳንዱን ወደ ላይ ይዘሽ ከጫፉ ጀምረሽ በሁለት ጣትሽ ላይ ጠቅልይው። ወደ ራስ ቅልሽ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሥሩ ላይ ሲደርስ ጣቶችሽን ቀስ ብለሽ አውጪ። መሃሉ ክፍት ሆኖ ከፊት ሲታይ ቀዳዳ መሰል ነገር ይቀራል፤ ያ ቀዳዳ ነው የጥቅሉ ምልክት። የፀጉር መያዣውን በቀዳዳው ውስጥ፣ በማይታየው በኩል ሰክተሽ ከራስ ቅሉ ጋር አያይዢው። ፀጉርሽ ስስ ከሆነ የድሮዎቹ ሴቶች ብልሃት አለ፤ ስቶኪንግ ቆርጠው ውስጡን ከማበጠሪያ በሰበሰቡት ፀጉር ይሞሉትና ጥቅሉ ውስጥ ይደብቁት ነበር። አንቺ በአርቴፊሻል ፀጉር ሙዪው። ሁለቱ ጥቅሎች እኩል ካልሆኑም ግድ የለም፣ በድሮ ፎቶዎችም እኩል አይደሉም።

ረጅም ሹሩባ ካለሽ አትፍቺው። አርቴፊሻል የተቀጠለበት ሹሩባ ከልቅ ፀጉር ይልቅ ጥቅል ይይዛል። የፊተኞቹን ሰብስበሽ ወደ ውስጥ ጠቅልለሽ ብታስሪያቸው ግንባርሽ ላይ ጥሩ ጉብታ ይሆናሉ። የኋላውን ትተይዋለሽ ወይም በመረብ ትሰበስቢዋለሽ። በ40ዎቹ መረብ በጣም ይለበስ ነበር።

ለ50ዎቹ ደግሞ ሐበሻ ፀጉር ቤት ገብተሽ ቢጎዲን ብቻ በይ። ተጠቅልለሽ፣ ካስክ ገብተሽ፣ ስትፈቺው አታበጥሪው፤ በጣትሽ ብቻ ክፈቺው። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ሻሽ ለአጭር ፀጉር፣ ለአፍሮ፣ ጊዜ ላጣችም ሴት ነው። የሁሉም አማራጭ ርካሹ እሱ ነው። ታሪኩም ከፋብሪካ ጋር ይሄዳል። ተዋናይቷ ቬሮኒካ ሌክ አንድ ዐይኗን የሚሸፍን ፀጉሯን በጦርነቱ ጊዜ በመንግሥት ጥያቄ ሰብስባ ታየች፤ እሷን የሚከተሉ ሠራተኞች ፀጉራቸው ማሽን ውስጥ እንዳይገባ ተፈርቶ። አራት ማዕዘን ሻሽ ሦስት ማዕዘን አድርገሽ እጠፊው። ሰፊው ጎን ማጅራትሽ ላይ ይሁን። ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ አምጥተሽ ግንባርሽ በላይ ሁለት ጊዜ ቋጥሪ፣ ሦስተኛውን ጫፍ ከቋጠሮው ስር ወትፊ። እኛ ሻሽ የምናስረው ወደ ኋላ ስለሆነ እጅሽ በልማድ ወደዚያ ይሄዳል፤ ቋጠሮው ከፊት ካልሆነ ግን ቤት ልታጸዳ የተነሳች ነው የምትመስዪው። ከቋጠሮው ፊት ትንሽ ጥቅል ብታወጪ ደግሞ ልክ ይሆናል።

ዊግን የማነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንባር ላይ አጭር ተቆርጦ የሚወርደውን የ50ዎቹን ዝነኛ ፒን አፕ የቤቲ ፔጅን ፀጉር ለፈለገች። ርካሽ ዊግ ብልጭልጭ ይላል፣ ፎቶ ላይ ያጋልጣል። ትንሽ ፓውደር ነስንሰሽበት አራግፊው፣ ብልጭታው ይቀንሳል።

ጥቅሉ አልሆን ካለሽ ደግሞ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊዴይን አስቢ። ነጭ ጋርዴንያ አበባ በጆሮዋ በላይ ትሰካ ነበር። ትልቅ ነጭ አበባ ያልተስተካከለውን ሁሉ ይሸፍናል።

ፊት

ለ40ዎቹ ኩሉን ቀንሺ፤ ሽፋሽፍት ላይ ማስካራ፣ ቅንድብ ለስለስ ያለ ቅስት፣ የቀረው ሁሉ ለከንፈር። ለ50ዎቹ ኩሉ ከዐይን ጥግ ወደ ቅንድቡ ጫፍ አቅጣጫ ትንሽ ይሳብ። የቢዝነስ ካርድ ጠርዝ ዐይንሽ ጥግ ላይ አስደግፈሽ ብትስዪ መስመሩ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን ጨርሰሽ መጨረሻ ላይ አታወፍሪ፤ ሁለቱንም እያፈራረቅሽ በስሱ ጀምሪ።

ቀይ ሊፒስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ ብርቱካን የሚያደላው ቀይ ቡናማ ቆዳ ላይ አንዳንዴ ይፈዛል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ጠቆር ያለው ቀይ ጥርስም ነጭ ያስመስላል። ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት አትወስኚ፣ ደጅ ወጥተሽ እዪው። ዳሩን በቡናማ ወይም በጥቁር ቀይ እርሳስ ከበሽ መሃሉን ሙዪ። የሬቭሎን «ፋየር ኤንድ አይስ» የተባለው ቀይ በ1952 የወጣ ነው፣ ዛሬም ይሸጣል፤ ከ10 ዶላር አካባቢ አይርቅም። የዘመኑን ነገር እንዲህ በርካሽ የምታገኚበት ሌላ ቦታ የለም።

እግርና ጫማ

ከኋላ ስፌት ያለው ስቶኪንግ ይመከራል፣ እኔም እመክራለሁ። ነገር ግን «የሰውነት ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ለነጭ ቆዳ የተሠራ ነው፤ እኛ እግር ላይ አመድ ይመስላል። ወይ የራስሽን ቡናማ ፈልጊ፣ ወይ በቀጥታ ጥቁር ልበሺ። መስመሩን በእርሳስ ልሣል ካልሽ ጥቁር ኩል ጠይም እግር ላይ ብዙም አይታይም፤ ባይሆን ባለ ስፌቱን ግዢ። ብርድ ካለ ከስሩ ሌላ ወፍራም ታይት መደረብ ይቻላል፣ ጥቁር ላይ አይታወቅም። ከላይ ደግሞ ወገብ ላይ የሚያልቅ አጭር ሹራብ፤ እሱ የዘመኑ ነው፣ ረጅሙ ግን አይሄድም።

ጫማ ላይ አትጨነቂ። ዘመናዊውን ስስ ረጅም ታኮ ለ40ዎቹ አታድርጊ፣ ወፈር ያለና አጠር ያለ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጫማሽ ብዙ ጊዜ ይሆናል። በእግር የምትዞሪ ከሆነ ከሻሽና ከጅንስ ጋር ጠፍጣፋ ጫማና አጭር ነጭ ካልሲ በደንብ ይሄዳል። ቦርሳሽ ውስጥ ሊፒስቲኩን፣ አራት አምስት መርፌ ቁልፍና ትርፍ የፀጉር መያዣ ያዢ፤ ጥቅሉ ከጨፈርሽ በኋላ መላላቱ አይቀርም።